ሁለት ስንኝ፣ ሃያ አራት ቀለም፦ የመቅደላውን ግጥም እንዴት እንለካዋለን?

ጥያቄው ባጭሩ ይኸው፦

«የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የአንድ አጭር ግጥም ቤት፣ ምጣኔና ቅርጽ ተንትነሽ አምጪ ተብያለሁ። የመረጥኩት ስለ አፄ ቴዎድሮስ ሞት የተገጠመውን ነው። ስልኬ ላይ የደረሰኝ በአራት መስመር ተጽፎ ነው፦

መቅደላ አፋፍ ላይ
ጩኸት በረከተ
የሴቱን አናውቅም
ወንድ አንድ ሰው ሞተ

ፊደሉን ስቆጥር 9፣ 7፣ 9፣ 10 መጣልኝ። አንደኛውና ሦስተኛው መስመር ደግሞ ቤት አይመቱም። ጓደኛዬ ‹ሁለት ቤት ስለሆነ ጉባኤ ቃና ነው፣ ሰምና ወርቁን ፈልጊ› ትለኛለች። እኔ ደግሞ ኢያምቢክ ይሆን ወይ እያልኩ ነው። ምጣኔ የሌለው ግጥም ነው ብዬ ልጻፍ?»

አትጻፊ እህቴ። በጭራሽ። የዚህ ግጥም ምጣኔ ልክክ ያለ ነው። አንዲት ቀለም አልጎደለችም፣ አንዲትም አልተረፈችም። የተሳሳተው የቆጠርሽው ነገር ነው። አንቺ ዓይንሽ ያየውን ፊደል ቆጠርሽ፤ ግጥሙን የገጠመው ሰው ግን (ሴትም ልትሆን ትችላለች፣ እመጣበታለሁ) የለካው በጆሮው ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ገልብጪውና ጮክ ብለሽ በይው።

በአማርኛ ግጥም የሚቆጠረው ቀለም ነው። ቀለም ማለት ቃሉን እያጨበጨብሽ ብትይው አንድ ጭብጨባ የሚያርፍበት ድምፅ ነው። «ከተማ» ሦስት ፊደል ነው፣ ሦስት ቀለምም ነው፤ ከ፣ ተ፣ ማ። እዚህ ላይ ፊደልና ቀለም ተስማምተዋል። «ልብ» ግን ሁለት ፊደል ሆኖ አንድ ቀለም ብቻ ነው። «ወንድ» ሦስት ፊደል ነው፣ ቀለሙ ያው አንድ።

ጣጣውን የሚያመጣው ሳድስ ነው። ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስና ሳብዕ ሁልጊዜ አናባቢያቸውን ይዘው ስለሚመጡ እያንዳንዳቸው አንድ ቀለም ናቸው፤ እነሱን ስትቆጥሪ አትሳሳቺም። ሳድስ ግን አንዳንዴ አናባቢ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። ሲኖረው ራሱን ችሎ ቀለም ይሆናል። ሳይኖረው ከእሱ በፊት ያለውን ቀለም ዘግቶ ይቀመጣል። ጽሑፋችን ደግሞ የትኛው ሳድስ የትኛውን እንደሆነ አያሳይም። «ል» ተብሎ ይጻፋል፣ አለቀ። ስለዚህ ፊደል እየቆጠረ ግጥም የሚለካ ሰው ሳድስ በበዛበት ስንኝ ሁሉ ይሳሳታል፣ አማርኛ ደግሞ ሳድስ ያልበዛበት ስንኝ የለውም ማለት ይቻላል።

እስቲ የመጀመሪያውን እንለካ። «መቅደላ አፋፍ ላይ»። መቅ፣ ደ፣ ላ፣ አ፣ ፋፍ፣ ላይ። ስድስት። «ቅ» መን ዘጋችው፣ «ፍ» ፋን ዘጋችው፣ «ይ» ላን ዘጋችው። ዘጠኝ ፊደል ብለሽ የቆጠርሽው ስድስት ቀለም ነው።

አንዳንዱ ሰው ይሄንኑ መስመር «መቅደላ አፋፉ ላይ» እያለ ነው የሚያውቀው። ያኔ ምጣኔው ሰባት ሊሆን አይደል? አይሆንም። ሰውየው ሳያስበው «መቅደላፋፉ ላይ» ይላል። መቅ፣ ደ፣ ላ፣ ፋ፣ ፉ፣ ላይ። ያው ስድስት። ላ እና አ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ዋጠው። ይሄ የግጥም ጥበብ ብቻ አይደለም፣ በየቀኑ የምናደርገው ነው፤ «ከአዲስ አበባ» የሚል ማን አለ፣ «ካዲሳባ» ነው እንጂ። የቃል ግጥም በዚህ ነገር እንደልቡ ይጠቀምበታል። ቀለም ሲበዛበት ሁለቱን አናባቢ ያጣብቃል፣ ሲያንሰው ያላቅቃቸዋል። «አፋፍ» ካልሽ ላና አ ተላቀው ይነበባሉ፣ «አፋፉ» ካልሽ ይጣበቃሉ። ቃሉ ተለወጠ፣ ልኩ ግን አልተነቃነቀም። እኔ ለምጣኔ መኖር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፤ ሰዎች ግጥሙን ከአፍ ወደ አፍ ሲቀባበሉት ቃሉን ይረሱና ልኩን ይዘው ይቀራሉ።

«ጩኸት በረከተ» ቀላል ነው። ጩ፣ ኸት፣ በ፣ ረ፣ ከ፣ ተ። ስድስት። «የሴቱን አናውቅም» ደግሞ የ፣ ሴ፣ ቱን፣ አ፣ ናው፣ ቅም። ስድስት። እዚህ «ና» ጠብቃ ነው የምትነበበው፣ ግን መጥበቅ ቀለም አይጨምርም፤ ከባድ ያደርጋል እንጂ ቁጥሩን አይነካም።

አሁን ወደሚጣፍጠው ልምጣ። «ወንድ አንድ ሰው ሞተ»። ቃል በቃል ነጥለሽ ብትቆጥሪው «ወንድ» አንድ፣ «አንድ» ሁለት፣ «ሰው» ሦስት፣ «ሞ» አራት፣ «ተ» አምስት። አምስት ይመጣል፣ አንድ ጎደለ። ብዙ ተማሪ እዚህ ሲደርስ «ገጣሚው እዚህ ጋ ምጣኔውን ሰብሮታል፣ ምክንያቱም ሞት መሰበር ስለሆነ» የሚል ነገር ይጽፋል። ቆንጆ ነው፣ ግን ውሸት ነው። ጮክ ብለሽ በይው፦ «አንድ ሰው»። ን፣ ድ እና ሰ በተከታታይ ሲመጡ ምላስ አይችላቸውም። ስለዚህ «ድ» ላይ ትንሽ አናባቢ ትከፈታለች፤ አን፣ ድ፣ ሰው። ሦስት ቀለም። ሙሉው ወንድ፣ አን፣ ድ፣ ሰው፣ ሞ፣ ተ ይሆናል። ስድስት!

ያስተዋልሽው እንደሆነ «ወንድ» እና «አንድ» አጨራረሳቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም በ«ንድ»። የ«ወንድ» ድ ግን ቀለም አልሆነችም፤ ከኋላዋ የመጣው አ ስለሆነ ምላስ አልቸገረውም፣ ፈጠን ብለሽ ካልሽውማ «ወንዳንድ» ብላ ትሄዳለች። የ«አንድ» ድ ደግሞ ከኋላዋ ሰ ስለመጣባት ራሷን ችላ ቀለም ሆነች። ያው ፊደል፣ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ፣ ሁለት ዓይነት ዕጣ። በዓይን የሚቆጥር ሰው ይሄን መቼም አያገኘውም። ለጽሑፍሽ አንድ አንቀጽ ለዚህ ብቻ ብትሰጪ አልፈርድብሽም።

እንግዲህ 6፣ 6፣ 6፣ 6 መጣልን። ታዲያ አራት ስንኝ ነው? አይደለም፣ ሁለት ነው። ስልክሽ ላይ የላከልሽ ሰው ለእይታ እንዲያምር ብሎ መሃሉ ላይ ሰብሮታል። እያንዳንዱ ስድስት ቀለም ሐረግ ይባላል፣ ሁለት ሐረግ አንድ ስንኝ ይሆናል። በሐረጎቹ መሃል ትንፋሽ አለ፣ ቤት ግን እዚያ አይመታም። ቤት የሚመታው ስንኙ ሲያልቅ ነው። «ላይ» እና «አናውቅም» ቤት አልመቱም ብለሽ የተጨነቅሽው እንዲመቱ ስላልተጠበቀ ነው። ስለዚህ እንዲህ አድርገሽ ጻፊው፦

መቅደላ አፋፍ ላይ / ጩኸት በረከተ
የሴቱን አናውቅም / ወንድ አንድ ሰው ሞተ

ይሄ 6 በ6 የሆነው ልክ የወል ቤት ይባላል። (እዚህ «ቤት» ያለው ምጣኔውን ነው። «ቤት መታ» ስንል ደግሞ የመጨረሻውን ድምፅ መገጣጠም ነው የምንለው። አትደባልቂያቸው፣ ፈተና ላይ ብዙ ሰው ይወድቅበታል።) የወል መባሉ ያለምክንያት አይደለም፤ ለቅሶውም፣ ፉከራውም፣ ዘፈኑም፣ የተጻፈው ግጥምም በብዛት የሚሄድበት ልክ ነው። የምታውቂያቸውን ግጥሞች ያዢና ቁጠሪ፣ አብዛኞቹ እዚህ ላይ ይወድቃሉ።

ሌሎቹ ልኮች ከጎኑ ሲቀመጡ ልዩነቱ ይሰማሻል። የቡሄ ልጆች ልክ 4 በ4 ነው፣ ስሙም ራሱ ቡሄ በሉ ቤት ይባላል። «ቡሄ በሉ» ራሱ አራት ቀለም ነው። «እዛ ማዶ / ጭስ ይጨሳል፣ አጋፋሪ / ይደግሳል፤ ያቺን ድግስ / ውጬ ውጬ፣ ከድንክ አልጋ / ተገልብጬ»። እያንዳንዱ ሐረግ አራት ነው። «ከድንክ አልጋ»ን ተጠንቀቂ፣ «ከ፣ ድን፣ ካል፣ ጋ» ነው የሚባለው። ልጆቹ ይሄን ማንም አላስተማራቸውም፣ ግን ዱላቸው መሬት የሚመታው ትክክለኛው ቀለም ላይ ነው። 5 በ5 የሆነው ሰንጎ መገን ይባላል። ለምሳሌ ያህል እኔ አሁን ልፍጠርልሽ፣ ግጥም ነው ብለሽ እንዳትከሽኝ፦ «ዝናብ ሲመጣ / ደጁ ጨለመ፣ እረኛው ሮጦ / ከዛፍ ስር ቆመ»። ከወል ቤት አንድ አንድ ቀለም ብቻ ነው የቀነሰው፣ ግን አረማመዱ ተለወጠ፣ ፈጠን ፈጠን ይላል። ረዘም ያለ ስትፈልጊ ደግሞ 8 በ8 አለ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በዚያ ልክ አዘውትሮ ስለጻፈበት የጸጋዬ ቤት ሲባል ትሰሚያለሽ።

ኢያምቢኩን ተይው። እንግሊዝኛ አንዱን ቀለም ጎላ፣ ሌላውን ደበቅ እያደረገ ስለሚናገር ግጥሙን በዚያ መፈራረቅ መለካት ይችላል። አማርኛ እንደዚያ ጎላ ደበቅ አይልም። ብትሞክሪው የምታገኚው የራስሽን የንባብ ስሜት ነው፣ የግጥሙን ልክ አይደለም።

አሁን ቤቱ። «በረከተ» እና «ሞተ»። ሁለቱም በ«ተ» አለቁ። በአማርኛ ቤት ሲመታ የመጨረሻው ፊደል በዘሩም በአናባቢውም መግጠም አለበት። «ሞተ» እና «ቤቱ» ሁለቱም የተ ዘር ቢሆኑም አናባቢያቸው ስለሚለያይ ቤት አይመቱም። «ሞተ» እና «ወደቀ» ደግሞ አናባቢያቸው አንድ ሆኖ ዘራቸው ተለያየ። ስንኙ በሳድስ ሲያልቅ ግን ሳድሱ ብቻውን አይበቃም፣ ከእሱ በፊት ያለውም አናባቢ መግጠም አለበት። «ሰማይ» እና «ፀሐይ» ይመታሉ። «ቤት» እና «ሞት» ሁለቱም በት ቢያልቁም ጆሮ ቅር ይለዋል። «ይጨሳል» እና «ይደግሳል» ደግሞ «ሳል» ድረስ ስለገጠሙ ደማቅ ቤት ነው።

በዚህ መለኪያ የኛ ግጥም ቤት የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው የገጠመው። ተ ከ ተ፣ ከዚያ በፊት ያሉት ከ እና ሞ አይመሳሰሉም። ደካማ ነው ማለት ነው? እኔ አይመስለኝም፣ ምክንያቱም አንድ ሌላ ነገር አለ። በአማርኛ በጣም ርካሹ ቤት በቅጥያ የሚመታ ቤት ነው። ‑ቸው፣ ‑ችን፣ ‑ለሁ፣ ‑ናል እያልሽ ገጽ ሙሉ ግጥም መጻፍ ትችያለሽ፣ ሰዋስው ራሱ ቤት እየመታ ይሰጥሻል። እዚህ ግን «ተ» ቅጥያ አይደለችም። የ«ሞተ» ተ የግሡ ሥር ናት፣ የ«በረከተ»ም ተ የሥሩ የመጨረሻ ፊደል ናት። ሁለት የማይዛመዱ ግሦች፣ አንዱ የመብዛት፣ አንዱ የመጥፋት፣ በሥራቸው ተገናኙ። ይሄን በጽሑፍሽ ውስጥ አስገቢው። መምህርሽ ምን እንደሚል ባላውቅም እኔ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ቅርጹ ላይ ጓደኛሽን በትህትና አርሚያት። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ያለው የግዕዝ ቅኔ ነው፣ ልክ ነች። ግን ሁለት መስመር የሆነ ሁሉ ጉባኤ ቃና አይሆንም። ቅኔ የራሱ ዜማ አለው፣ ልኩም ከዜማው ጋር የተያያዘ ነው፣ የሚዘረፈውም በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ውስጥ ነው። ይሄኛው የሕዝብ የቃል ግጥም ነው፣ ባሕርይው ደግሞ የሙሾ ነው። ሙሾ አውራጇ ሁለት ስንኝ ታወጣለች፣ ለቀስተኛው ይቀበላል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ ሌላ ሁለት ስንኝ ይመጣል። እያንዳንዱ ጥንድ ራሱን የቻለ ነው። ከፊቱም ከኋላውም ምንም ሳይኖር ቆሞ መሄድ ይችላል፤ ለዚህም ነው ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ አንቺ ስልክ ላይ ብቻውን የደረሰው። ሙሾ የሚያወርዱት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሴቶች ናቸው። «ገጣሚው» ብለሽ አፍሽን ሞልተሽ ከመጻፍሽ በፊት አስቢበት። «የሴቱን አናውቅም» የሚለው ሐረግ ዛሬ ሲነበብ ጎርበጥ ይላል አይደል? ከሴት አፍ የወጣ ከሆነ ግን ሌላ ቃና ይኖረዋል፤ የኛን ተዉት፣ እናንተ ወንዶቹ የት ነበራችሁ ዓይነት። ይሄ ግምት ነው፣ ማስረጃ አድርገሽ አትጥቀሺው።

በሁለት ስንኝ የቃል ግጥም ውስጥ አንድ የታወቀ ብልሃት አለ። መልእክቱ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ይቀመጥና የመጀመሪያው ስንኝ ቤት ለማበጀት ብቻ ይመጣል። እዛ ማዶ አንድ ነገር ይታያል፣ ከወንዙ ወዲህ አንድ ነገር ይበቅላል፣ ከዚያ በድንገት ስለ ፍቅር ወይ ስለ ባለዕዳ ይወራል። የመጀመሪያውን አውጥተሽ በሌላ ብትተኪው ምንም አይጎድልም። እስቲ በኛ ግጥም ላይ ሞክሪው። «መቅደላ አፋፍ ላይ ጩኸት በረከተ»ን አንሺና በ«ተ» የሚያልቅ ሌላ ማንኛውንም ስንኝ አስቀምጪ። ግጥሙ ወዲያው ይሞታል። ቦታው ይጠፋል፣ ጩኸቱ ይጠፋል፣ «ሞተ» የሚለው ቃል የሚጋጭበት ነገር ያጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ስንኝ እዚህ ማሟያ ሆኖ የመጣ አይደለም፣ የግጥሙ ግማሽ አካል ነው። የዚህ ጥንድ ትልቁ ብቃቱ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

ግጭቱ የት ላይ እንደሆነ ተመልከቺ። የሁለቱን ስንኝ ሁለተኛ ሐረግ ብቻ አንብቢ፦ «ጩኸት በረከተ»፣ «ወንድ አንድ ሰው ሞተ»። ያው ስድስት ቀለም ናቸው። የመጀመሪያው በሁለት ቃል ሞላው፣ ሁለተኛው አራት ቃል ፈለገ። «በረከተ» አራት ቀለሙ በአንድ ዓይነት አናባቢ ነው የሚሄደው፣ «ከ» ላይ ጠበቅ ብሎ ወደፊት ይገፋል፣ አፍሽ ሳይዘጋ ይፈስሳል። «ወንድ፣ አንድ፣ ሰው» ደግሞ ሦስት ጉርድ ቃላት ናቸው፣ ሁለቱ ደግሞ በ«ንድ» ይመታታሉ። ተያይዘው ቢነበቡም እንደ «በረከተ» አይፈስሱም። ልኩ አንድ ሆኖ ፍጥነቱ ተለያየ። ትርጉሙም እንዲሁ ነው፤ ጩኸቱ በረከተ፣ የሞተው ግን አንድ ነው። ብዛትና ነጠላነት በስንኞቹ ተመሳሳይ ቦታ ላይ ተቀምጠው፣ በአንድ ቤት ተቆልፈዋል። ቅርጽና ይዘት ተያያዙ የሚባለውን ነገር በተግባር ያየሽው እዚህ ጋ ነው፣ ስለዚህ «ቅርጹ ይዘቱን ያጎላል» ብለሽ በደፈናው አትለፊው፤ የትኛው ሐረግ፣ የትኛው ቃል፣ ስንተኛው ቀለም የሚለውን ጻፊ።

ታሪኩንም በልኩ አስገቢ። አፄ ቴዎድሮስ የሞቱት ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ነው፣ በፋሲካ ማግስት፣ የእንግሊዙ የጦር አዛዥ የናፒየር ጦር መቅደላን ሰብሮ ሲገባ፣ በገዛ ሽጉጣቸው። ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ አሮጌ ሜዳ ላይ በተደረገው ውጊያ ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ በመቶዎች የሚቆጠር የንጉሡ ወታደር አልቋል። ታዲያ «ወንድ አንድ ሰው ሞተ» እውነት ነው? እንደ ዜና ከሆነ አይደለም። ግጥሙ የሟች ቁጥር እየነገረሽ አይደለም፣ ማን ወንድ እንደሆነ እየፈረደ ነው። ግነት ነው፣ ውስጡም ስድብ አለበት፤ የቀራችሁት ወንድ አይደላችሁም ማለቱ ነው። ገብርዬን ያህል ሰው በሞተበት ሰሞን እንዲህ ማለት ትንሽ ግፍ ነው፣ ግን ሙሾ ፍትሐዊ ለመሆን አይገጠምም።

ሰምና ወርቅስ? የለበትም። «ወንድ» ጾታም ነው፣ ጀግናም ነው፣ ግን ሁለቱም ትርጉም ፊት ለፊት ተዘርግቷል፣ አንዱ ሌላውን አልሸሸገውም። ሰም የሚባለው ወርቁን ሲሸፍን ነው። አማርኛ ግጥም ሲሰጠን ሁላችንም ወርቅ ፍለጋ መቆፈር እንወዳለን፣ ያልተቀበረውንም ጭምር። ግልጽ ሆኖ መናገርም አንድ ጥበብ መሆኑን ብንቀበል ብዙ ትንታኔ ባጠረ ነበር።

ድምፁንም እንዲሁ አታካብጂው። «ጩኸት»፣ «በረከተ»፣ «ሴቱን»፣ «ሞተ» ላይ የተ ዘር ተደጋግሟል፣ እውነት ነው፤ ግን ተ በአማርኛ በጣም የበዛ ፊደል ስለሆነ «የተ መደጋገም የጥይት ድምፅ ነው» ብትይ ማንም አያምንሽም። የ«ንድ»ን ግን ጻፊው፣ እሱ በሁለት ተከታታይ ቃል ላይ ስለመጣ ጆሮ ሳያስተውለው አያልፍም።

«አፋፍ» ወይስ «አፋፉ» የሚለውን እንደደረሰሽ አድርገሽ አስቀምጪ፣ ግን ሌላው አባባል እንዳለና ምጣኔው በሁለቱም ስድስት እንደሚሆን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቁሚ። የቃል ግጥም አንድ ትክክለኛ ቅጂ የለውም። የሰማሽው ሁሉ ቅጂ ነው።

ጊዜ ካለሽ ማወዳደሪያ የሚሆን ሌላ የዚያው ቀን ግጥም ልስጥሽ፣ ይሄም የታወቀ ነው፦

ገደልንም እንዳይሉ / ሞተው አገኟቸው
ማረክንም እንዳይሉ / ሰው የለ በእጃቸው

ያው የወል ቤት ነው። መጀመሪያ ራስሽ ቁጠሪ። «ገ፣ ደል፣ ንም፣ እን፣ ዳይ፣ ሉ»፣ «ሞ፣ ተው፣ አ፣ ገ፣ ኟ፣ ቸው»። ሦስተኛው ሐረግ እንደ መጀመሪያው ነው። መጨረሻው ላይ ልትደናቀፊ ትችያለሽ፤ «በእጃቸው» ብለሽ ነጣጥለሽ ካነበብሽ ሰባት ይመጣል፣ «በጃቸው» ማለት አለብሽ፣ ሰው፣ የ፣ ለ፣ በ፣ ጃ፣ ቸው። ቤቱ «‑ቸው» ነው፣ ቅጥያ፣ ያ ቅድም ርካሽ ያልኩሽ። እዚህ ግን አልጎዳውም፣ ምክንያቱም ግጥሙ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሌላ ቦታ ነው፤ ሁለቱ ስንኞች ቁርጥ አንድ ዓይነት ሰዋስው ይዘው፣ «እንዳይሉ» «እንዳይሉ» እያሉ፣ የእንግሊዞቹን ሁለት ፉከራ አንድ በአንድ ይነጥቃሉ። የመቅደላው ጥንድ በመለያየት ይሠራል፣ ይሄኛው በመመሳሰል።

ይሄን ሁለተኛውን ሰው በአራት መስመር ሰብሮ ቢልክልሽ ደግሞ «እንዳይሉ» ከ«እንዳይሉ»፣ «‑ቸው» ከ«‑ቸው» እየዘለለ ቤት የመታ ይመስልሻል። አትቀበዪው። አንድን ቃል ደግሞ መጥራት ድግግሞሽ ነው እንጂ ቤት አይባልም። ስንኙ የት እንደሚያልቅ ከተጠራጠርሽ የመስመሩን አሰባበር ሳይሆን አሥራ ሁለቱን ቀለምና ቤት የመታውን ድምፅ አብረሽ ተከተዪ፣ ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው ማለቂያው።